ስለ ዘርና መድልዎ ለሚያጠና ልጅ የትኛው የኢንተርኔት ምንጭ ያዋጣል?

መነሻ

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ በር አካባቢ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ተማሪ ፍላሽ ይዞ ይመጣል። እኔ አስተካክላለሁ፣ አትማለሁ፣ እጠርዛለሁ። እግረ መንገዴንም አነባለሁ። ራሴም ሶሲዮሎጂ ስለተማርኩ ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው መጨረሻ ገጽ ላይ ወዳለው ሪፈረንስ ነው።

ሰሞኑን ከሚመጡልኝ ፕሮፖዛሎች ብዙዎቹ ስለ መድልዎ ናቸው። አንዷ ስለ አሜሪካ ጥቁሮች ጽፋለች። ሌላው ስለ ሸክላ ሠሪዎችና ቀጥቃጮች። ሌላው ደግሞ እዚሁ ጣና ዳር ስለሚኖሩት ነገደ ወይጦ። ርእሶቹን ወድጃቸዋለሁ። ሪፈረንሱ ግን ጎግል ቀድሞ ያወጣቸው ሦስት አራት ገጾች ናቸው። ማን እንደጻፈው የማይታወቅ ብሎግ ከኢንሳይክሎፒዲያ ጎን ተሰልፎ ቁጭ ይላል። በልጆቹ አልፈርድም። ምንጭ እንዴት እንደሚመረጥ አጠገባቸው ሆኖ ያሳያቸው የለም።

ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ በምንወያይበት ቡድን ጠየቅኩ። ስለ ዘርና ስለ መድልዎ የሚያጠና ልጅ ኢንተርኔት ላይ ከየት ይጀምር? ከየትኛውስ ይራቅ? የራሴንም አቋም አብሬ ጻፍኩ። በሌላ ትምህርት ደካማ ምንጭ ማርክ ያስቀንሳል። በዚህኛው ግን ደካማ ምንጭ ራሱ የመድልዎው አንድ አካል ሊሆን ይችላል። መልሶቹ ስለረዘሙ በየቁጥራቸው በራሴ አባባል አስቀምጫቸዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

1. ቀድሞ የመለሰው የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነው። በጣም ትሑት ልጅ ነው፣ ደጋግሞ ይቅርታ ይላል። መምህሩ ሪፈረንስ ላይ ዊኪፒዲያን ካየ ማርክ ይቀንሳል። ልጁም ዊኪፒዲያን ያነብና ግርጌው ላይ የተጠቀሰውን መጽሐፍ ሳይከፍት ስሙን ገልብጦ ያስገባል። ነውር መሆኑን ያውቃል። ሌላ መንገድ ካለ ንገሩኝ ነው የሚለው። ግማሹ ግቢ የሚሠራውን ነገር በግልጽ በመናገሩ ወደድኩት።

2. ላይብረሪ ውስጥ የምትሠራ ሴት መለሰችለት። ዊኪፒዲያ መግቢያ በር ነው፣ አይጠቀስም፣ ግን ይገባበታል ነው ሐሳቧ። ከጽሑፉ ይልቅ ሦስት ነገር እንዲያይ መከረችው። አንዱ ግርጌው ነው። ሌላው ማን መቼ ምን እንደቀየረ የሚያሳየው ታሪክ ነው። ሦስተኛው የውይይት ገጹ ነው። ስለ ዘር የተጻፉ ገጾች ብዙ ጊዜ የጦር ሜዳ ናቸው፤ አንዳንዶቹን ማንም እንደፈለገ እንዳይነካካቸው እስከ መቆለፍ ይደርሳሉ። ሰዎቹ በምን እንደተጣሉ ያነበበ ተማሪ ጽሑፉን ብቻ ካነበበው የበለጠ ይማራል ትላለች። እኔም በዚህ እስማማለሁ፤ ከዚህ ሁሉ መልስ አንዱን ብቻ ያዝ ብባል ይህንን እይዛለሁ።

3. አንዱ አረማት። ዊኪፒዲያ አንድ አይደለም፣ በየቋንቋው ሌላ ነው አለ። ማስረጃም አመጣ። የክሮኤሺያኛው ዊኪፒዲያ ለዓመታት በጥቂት የቀኝ አክራሪ አስተዳዳሪዎች እጅ ወድቆ ታሪክ ሲያጣምም ቆይቷል። የዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን ራሱ በ2021 ይህን በሪፖርት አውጥቷል። የስኮትላንድኛው ደግሞ በ2020 ጉድ ወጣበት። በሺዎች የሚቆጠር ጽሑፍ የጻፈው ቋንቋውን የማያውቅ አንድ አሜሪካዊ ወጣት ሆኖ ተገኘ። የአማርኛው ጸሐፊዎች ጥቂት ናቸው። ጥቂት ሰው በሚያየው ገጽ ላይ ስሕተት ከገባ የሚያወጣው ይቸግራል።

4. ከዚያ አንድ አባት ገቡ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። ልጆች ለምን ትደክማላችሁ፣ ኢንሳይክሎፒዲያ ብሪታኒካ እያለ የሚል መንፈስ ያለው መልስ ነው። ምሁር ይጽፈዋል፣ አርታኢ ያየዋል፣ ማንም መንገደኛ አይደልዘውም።

5. መልሱ ፈጥኖ መጣ፣ ትንሽም ይቆጠቁጣል። ኢንተርኔት ላይ በነፃ የሚወርደው ብሪታኒካ ብዙ ጊዜ የ1911ዱ፣ አሥራ አንደኛው እትም ነው። የባለቤትነት መብቱ ስላለፈበት ማንም ይጭነዋል፣ ማንም ያወርደዋል። በዚያ እትም ስለ ጥቁር ሕዝብ የተጻፈው አንቀጽ ጥቁር በአእምሮው ከነጭ ያንሳል ይላል፣ ያለ ምንም ኀፍረት። ተማሪው ብሪታኒካ የሚለውን ስም አይቶ ይህን ቢጠቅስ ማን ነው የሚጠየቀው? ስሙን ትታችሁ እትሙን ተመልከቱ ነው ነገሩ።

6. ጋሼ አልተቆጡም። የዛሬው ብሪታኒካ የ1911ዱ አይደለም አሉ፣ ልክ ናቸው። ቀጥለው ጥሩ መለኪያ ሰጡ። በ1950 ዩኔስኮ ስለ ዘር መግለጫ አውጥቷል። በ1998 ደግሞ የአሜሪካ አንትሮፖሎጂ ማኅበር የራሱን አውጥቷል። ሁለቱም አጫጭር ናቸው፣ በነፃ ይገኛሉ። ተማሪው እነዚህን አስቀድሞ ቢያነብ አሮጌ ጽሑፍ ሲያጋጥመው ያኔ ሰዎች ምን ያስቡ እንደነበር የሚያሳይ ሰነድ አድርጎ ይይዘዋል። ለዕውቀት ምንጭነት አያውለውም።

7. እዚህ ላይ አንዲት ሴት ጥሩ አድርጋ ተቃወመች። አሮጌ ሁሉ መጥፎ አይደለም። ጥቁር አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ዱቦይስ የፊላደልፊያን ጥቁሮች ያጠናበት መጽሐፍ የወጣው ከዚያ ብሪታኒካ 12 ዓመት ቀድሞ፣ በ1899 ነው። በከተማዋ ሰባተኛ ቀበሌ ቤት ለቤት እየዞረ ሰዎቹን ራሱ ጠየቀ። ድህነቱን በደማቸው አላመካኘም። ሥራ ማን እንደከለከላቸው፣ የቤት ኪራይ ምን ያህል እንደሚጠየቁ አየ። የ1911ዱ ጸሐፊ አዲስ ነበር፣ ዱቦይስ አሮጌ። እውነቱን ያገኘው ሰዎቹን የጠየቀው ነው።

8. ዱቦይስ ሲነሣ ወሬው ወደ አክራ ሄደ። በ1961 ንክሩማ ጠርቶት አፍሪካውያን የሚጽፉት ኢንሳይክሎፒዲያ ለመሥራት ጋና ገባ። ሳይጨርሰው በ1963 በ95 ዓመቱ ሞተ። ከዚህ ተነሥቶ ስለ አፍሪካ አንድነት ድርጅትና ስለ ጃንሆይ ረጅም ክርክር ተከፈተ። እሱን ዘልዬዋለሁ።

9. አንድ የአይቲ ልጅ ወደ ጉዳዩ መለሰን። ቀላል ነው ባይ ነው። አድራሻው በኦርግ ወይም በኢዱ ካለቀ እመኑ፣ በኮም ካለቀ ተጠንቀቁ። ይህን ምክር ስንት ጊዜ እንደሰማሁት! አሁንም በየስልጠናው ይሰጣል።

10. ላይብረሪያኗ ተመለሰች፣ ድምፅዋም ጠንከር አለ። በማርቲን ሉተር ኪንግ ስም የተከፈተ፣ በኦርግ የሚያልቅ ድረ ገጽ ለረጅም ዓመታት ነበር። ላይ ላዩን የተማሪ መርጃ ይመስላል። ባለቤቱ ግን ስቶርምፍሮንት የሚባለው የነጭ የበላይነት አራማጆች መድረክ መሥራች ነበር። ውስጡ ኪንግን ማጠልሸት ብቻ ነው። የቤት ሥራ የሚሠሩ ልጆች ስንቴ ገብተውበታል። ኦርግ ማለት ማንም በትንሽ ገንዘብ የሚገዛው ስም ነው። የአይቲው ልጅ ከዚህ በኋላ አልጻፈም።

11. ቀጥሎ የመጣው መልስ የተግባር ነው። በ2017 ስታንፎርድ ውስጥ የተሠራ አንድ ጥናት አለ። 10 የታሪክ ምሁራን፣ 10 በሙያቸው መረጃ የሚያጣሩ ሰዎችና 25 የስታንፎርድ ተማሪዎች የማያውቋቸውን ድረ ገጾች እንዲገመግሙ ተሰጣቸው። ስማቸው የሚመሳሰል ሁለት የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበራት ነበሩበት። አንዱ ትልቁና አንጋፋው ነው። ሌላው በአቋም ተጣልቶ የወጣ ትንሽ ቡድን ነው። ብዙዎቹ ተማሪዎች፣ ከምሁራኑም አንዳንዶቹ፣ ገጹ ላይ ቆይተው ዲዛይኑን፣ ሎጎውን፣ ሪፈረንሱን እያዩ ተታለሉ። አጣሪዎቹ ግን ገጹን ወዲያው ትተው ሌላ ታብ ከፈቱ፤ ሌሎች ስለዚህ ድርጅት ምን ይላሉ ብለው ፈለጉ። ቶሎም ደረሱበት። እኛም ሰው ስናጣራ እንዲሁ አይደለም እንዴ የምናደርገው? ልጅ ስንድር ሙሽራውን ራሱን አንጠይቅም፣ ጎረቤቱን ነው የምንጠይቀው።

12. አንዱ አምስት ነጥብ ያለው መመዘኛ ለጠፈ። የቅርብ ነው ወይ፣ ከርእሱ ጋር ይሄዳል ወይ፣ ጸሐፊው ማነው፣ ትክክል ነው ወይ፣ ዓላማው ምንድን ነው የሚል። በ2004 ካሊፎርኒያ ቺኮ ባለ ዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ ውስጥ የተዘጋጀ ነው፣ በብዙ ግቢ ያስተምሩታል። ክፉ አይደለም። እኔን ግን ያልበቃኝ ምክንያት ቀጣዩ መልስ ላይ አለ።

13. ማንካይንድ ኳርተርሊ የሚባል መጽሔት አለ ብሎ ጻፈ አንዱ። ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ይወጣል። ቅጽ አለው፣ ቁጥር አለው፣ ጸሐፊዎቹ ዶክተር ናቸው፣ ሪፈረንሱ ገጽ ይሞላል። የዘር የበላይነትን ሳይንስ አስመስሎ ለማቅረብ የተቋቋመ ነው። አምስቱን ነጥብ ይዘህ ብትሄድ አራቱን ያልፋል። አምስተኛውን፣ ዓላማውን፣ ገጹ ራሱ አይነግርህም።

14. እዚህ ላይ የሒሳብ አስተማሪ የሆነ ሰው ረጅም መልስ ጻፈ። ከመልሶቹ ሁሉ የበለጠ የተወያየንበት እሱ ነው። የአገሮች የአእምሮ ብቃት (አይኪው) ተብሎ በየጊዜው የሚዞር ሠንጠረዥ አለ። ቀለም የተቀባ የዓለም ካርታም ይሠሩለታል። ምንጩ ሪቻርድ ሊንና ታቱ ቫንሃነን በ2002 ያወጡት መጽሐፍ ነው። አማካዩ 100 በሆነበት መለኪያ ኢትዮጵያ እዚያ 63 ተሰጥቷታል። ይህ ቁጥር ከአንድ ሙሉ ሕዝብ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የአእምሮ እክል አለበት እንደማለት ነው።

ሰውየው ቁጥሩን ወደ ኋላ ተከተለው። ከኢትዮጵያ የተወሰደ ናሙና የለም። የተፈተኑት ወደ እስራኤል የገቡ 250 ያህል የቤተ እስራኤል ወጣቶች ናቸው። ጥናቱ የታተመው በ1991 ነው። የሠሩትም ሁለት የእስራኤል ተመራማሪዎች ናቸው፣ የእነሱም ጥያቄ ሌላ ነበር፤ ልጆቹ የሚሳሳቱት ስሕተት ከእስራኤል ተወላጆች ስሕተት ጋር ይመሳሰላል ወይ የሚል። የዚያን ዘመን ስደተኞች ብዙዎቹ ከጎንደር ገጠር ተነሥተው በእግር ሱዳን ገብተው፣ በመጠለያ ወገኖቻቸውን ቀብረው የደረሱ ናቸው። አገሩ አዲስ፣ ቋንቋው አዲስ፣ የፈተናውም ዓይነት አዲስ። የእነሱን ውጤት ወስዶ የአገር ቁጥር ማድረግ ምን ይባላል? በ2020 የአውሮፓ የሰው ልጅ ባሕርይና ዝግመተ ለውጥ ማኅበር ይህን የሊን መረጃ ማንም እንዳይጠቀምበት መግለጫ አወጣ። ካርታው ግን አሁንም ይዞራል።

15. አንድ ስሙን የደበቀ ሰው ቁጥሩ ስላስከፋችሁ ነው የምትሸሹት የሚል መንፈስ ያለው ነገር ጣለ። የተሻለ ቁጥር ካላችሁ አምጡ ነው ፉከራው።

16. ተሰደበ። ስድቡን አልደግመውም። ከስድቡ ሥር ግን ቁም ነገር ነበረበት። ሚዛኑ የተሰበረ መሆኑን ያሳየ ሰው ሌላ ሚዛን የማምጣት ዕዳ የለበትም።

17. ጎንደር ያደገች አንዲት እናት ደግሞ ሁሉንም አበረደችው። አያቷ ጎረቤት የቤተ እስራኤል ቤተሰብ ነበር። ሰውየው ቀጥቃጭ ነው፣ ሚስቱ ሸክላ ትሠራለች። ማረሻው ከእሱ ይገዛል፣ ጀበናው ከእሷ። ሲመሽ ግን ያው ጎረቤት ቡዳ ናቸው ብሎ ልጁን ይሰበስባል። ኋላ ሰዎቹ ሄዱ፣ ቤታቸው ባዶ ቀረ። ሠንጠረዥ ላይ 63 ሆነው የተመለሱት እነዚህ ሰዎች ናቸው መባሉ አንጀቷን እንደበላት ጻፈች። ከዚህ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተሳደበም።

18. ከዚያ ስለ እምቦጭ ተወራ፣ ስለ መብራት መጥፋት ተወራ፣ አንዱ ፍላሽ የት ይረክሳል አለ። እኔ ጋ አለ ብዬ አለፍኩ።

19. አንዲት ተማሪ ቻትጂፒቲ ሁሉንም ገላገለኝ አለች። ርእሷን ጻፈች፣ አሥር ሪፈረንስ ተሰልፎ መጣላት።

20. ላይብረሪያኗ ዝርዝሩን ለጥፊልኝ አለቻት። ልጅቷ ለጠፈች። ላይብረሪያኗ አንድ በአንድ ፈለገች። ጸሐፊው አለ፣ መጽሔቱ አለ፣ ጽሑፉ ግን የለም፤ እንዲህ ያሉት ከግማሽ በላይ ሆነው ተገኙ። በቁጣ ነው የጻፈችው፣ እኔ እንኳ ልጅቷ አሳዘነችኝ። ልጅቷ ግን አኩርፋ አልጠፋችም። ከእንግዲህ ጽሑፉን ከፍቼ ካላየሁ አልጠቅስም አለች።

21. በርቀት የምትማር፣ ዱርቤቴ የምትኖር ሴት ሁላችንንም ዘለፈችን። ላይብረሪ ያለው፣ ዋይፋይ ያለው ሰው ነው ምንጭ የሚመርጠው ትላለች። እሷ ያላት ሞጁልና ቴሌግራም ላይ የሚለቀቅ ፒዲኤፍ ነው። ዳታው ውድ ነው። ሽፋኑ የተቀደደ፣ ዓመተ ምሕረቱ የጠፋ ፒዲኤፍ ነው የሚደርሳት። እውነቷን ነው። ስለ መድልዎ እያወራን ይህን ሳናነሣ 20 መልስ መሄዳችን ይገርማል።

22. ለእሷ ተብሎ የተጻፈው መልስ ስለዚህ ጠቃሚ ሆነ። የጥናት መጽሔቶች ማከማቻ በሆነው ጄስቶር ላይ በኢሜይል ብቻ ተመዝግቦ በወር እስከ 100 ጽሑፍ በነፃ ማንበብ ይቻላል። አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን ከ1998 ጀምሮ አለ፣ መቀመጫው ደቡብ አፍሪካ ነው። የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች መጽሔቶችም እዚያ ይገኛሉ፣ ብዙውም በነፃ ይወርዳል። የስታንፎርድ የፍልስፍና ኢንሳይክሎፒዲያ ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው። ስለ ዘርም ስለ መድልዎም ለየብቻ አለው። ማን እንደጻፈው፣ መቼ እንደታደሰ ተጽፏል፣ የድሮው ቅጂም አይጠፋም። ገጹ ሥዕል ብዙም ስለሌለው ዳታ አይበላም። የፒዲኤፉን ስም ጎግል ስኮላር ላይ ብትጽፍ ደግሞ የጠፋባትን ዓመተ ምሕረት ልታገኘው ትችላለች።

23. ቀጥሎ የጻፈው ሰው እስካሁን ዝም ብሎ ሲያነብ ነበር። የነገደ ወይጦ ልጅ ነው። ስለ እኛ ኢንተርኔት ላይ የተጻፈውን ሁሉ አንብቤያለሁ አለ። በጉማሬ አደን ይጀምራል፣ በጠፋው ቋንቋ ያልቃል። መሀሉ ላይ ደንገልና ታንኳ አለ። ከድሮው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ከጄምስ ብሩስ ጀምሮ መንገደኛው ያየውን ጻፈ፣ ቀጣዩ መንገደኛውን ጠቀሰ፣ ኢንሳይክሎፒዲያው ደግሞ ሁለቱን ጠቀሰ። ሪፈረንሱ ብዙ ይመስላል፣ ሥሩ ሲቆፈር ግን አንድ ነው። ዳርቻው ሲታጠርና ሲሸጥ የት እንደሄድን፣ ልጆቻችን ክፍል ውስጥ ከማን ጋር እንደሚቀመጡ አልተጻፈም። በጣም ተረጋግቶ ነው የጻፈው።

24. ይሄኔ ነው ያበላሸው ሰው የመጣው። ተከባብረን እንኖራለን፣ ያልነበረ ልዩነት አትፍጠሩ፣ ሕገ መንግሥቱ ሁሉም እኩል ነው ይላል አለ።

25. ጋሼ መለሱ። አነጋገራቸው ጨዋ ነው፣ ጥያቄው ግን የማያፈናፍን። ነገደ ወይጦዎች ቤት ገብተህ እንጀራ ቆርሰህ ታውቃለህ ወይ አሉት። ከዚያ ወደ ምንጭ መለሱት። የ1995ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 እኩልነትን ይደነግጋል። ኢትዮጵያ የዘር መድልዎን የሚከለክለውን ዓለም አቀፍ ስምምነት የተቀበለችው በ1976 ነው። ሕግ ቃል የተገባውን ያሳያል፣ የሚሆነውን አያሳይም። ለዚያ ሌላ ሰነድ አለ። መንግሥት ለስምምነቱ ኮሚቴ ሪፖርት ያቀርባል፣ ኮሚቴውም አስተያየት ይሰጣል። የ2009ኙ አስተያየት የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ጽሕፈት ቤት ገጽ ላይ አለ። ተማሪው የሁለቱን ወገን ወረቀት ጎን ለጎን ያንብብ። ስለ እንጀራው መልስ አልመጣም።

26. አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር የማስተርስ ጽሑፎችን አስታወሰን። ባሕር ዳርም አዲስ አበባም ዩኒቨርሲቲዎቹ በየድረ ገጻቸው ይጭኗቸዋል። ስለ ጣና ዳር ከየትኛውም ኢንሳይክሎፒዲያ የተሻለ ዝርዝር እዚያ ይገኛል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ጨመረ። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ማን እንደተጠየቀ እዩ። የቀበሌ አመራርና አገር ሽማግሌ ብቻ ከሆነ ሰፌድ የምትሰፋው ሴት የለችበትም።

27. ሰውየው ላይ አንዱ ሳቀበት። ግማሹ የማስተርስ ጽሑፍ ከግማሹ የተቀዳ ነው አለ። እኔ አትሜ ስለምሰጥ በዚህ ላይ ምስክርነት አልሰጥም።

28. የሁለተኛ ዓመቱ ልጅ ተመለሰ። ርእሱን አጥብቧል፣ ስለ ነገደ ወይጦ ተማሪዎች ነው የሚሠራው። ከዊኪፒዲያ ግርጌ ይነሣል። ከአፍሪካን ጆርናልስ ያገኛቸውን ሁለት ጽሑፎች አውርዶ ማንበብ ጀምሯል። የ26ኛውን ምክር ይዞ አንድ የማስተርስ ጽሑፍ ሦስተኛ ምዕራፍ አይቷል፤ ከተጠየቁት መካከል ተማሪ አልነበረም። ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ወርዶ ራሱ ሊጠይቅ አስቧል።

29. የ23ኛው ሰው ጥሩ ብሎ አራት ነገር አሳሰበው። ከዲፓርትመንቱ የትብብር ደብዳቤ ሳይዝ እንዳይመጣ፣ ልጆቹንም ያለ ወላጅ ፈቃድ እንዳይጠይቅ። ጠዋት ወንዶቹ ሐይቅ ላይ ስለሚሆኑ ከሰዓት በኋላ እንዲመጣ። ሲጨርስም አንድ ኮፒ እንዲያመጣ፤ እስከ ዛሬ ጠይቆ ከሄደው ሁሉ የጻፈውን ይዞ የተመለሰ የለም። ልጁ ደብዳቤው ሰኞ ይፈረምልኛል አለ፣ ቅዳሜው ወደሚቀጥለው ሳምንት ተዛወረ።